ከከሎደን የተረፈው ፍሬዘር፦ የ«አውትላንደር» አንድ ትዕይንትና የተዘነጋው ምስክርነት

«አውትላንደር» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ሦስተኛ ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል በስታርዝ ጣቢያ የታየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ነው። ክፍሉ በሁለት ዘመናት መካከል ይመላለሳል፤ አንዱ የከሎደን ጦርነት የተካሄደበት ኤፕሪል 16 ቀን 1746፣ ሌላው የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ክሌር በቦስተን የምትወልድበት 1948 ነው። የቦስተኑ ታሪክ ልብ ወለድ ስለሆነ አያከራክርም። የውጊያው አቀራረብም በጥቅሉ ተቀባይነት አለው፦ የስቱዋርት ሥርወ መንግሥትን ለመመለስ የተነሡት ጃኮባውያን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተሸነፉ።

ክርክር የሚያስነሣው ከውጊያው በኋላ ያለው ትዕይንት ነው። ጎጆ ውስጥ የተጠለሉ ቁስለኞች በየተራ እየወጡ ይረሸናሉ። ከቁስለኞቹ አንዱ የሆነው የድራማው ገጸ ባሕርይ ጄሚ ፍሬዘር ሞትን ይመኛል። የመንግሥት ጦር መኮንኑ ሎርድ ሜልተን ግን ጄሚ ቀደም ሲል ለሜልተን ወንድም ምሕረት ማድረጉን ስለሚያውቅ፣ ውለታውን ለመመለስ በጋሪ ወደ ቤቱ ይልከዋል።

የታሪኩ ምንጭ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው ኤሪክ ሊንክሌተር በ1965 ያሳተመው «ዘ ፕሪንስ ኢን ዘ ሄዘር» ነው። ድራማው የተመሠረተበት ልብ ወለድ ደራሲ ዳያና ጋባልዶንም ከዚህ መጽሐፍ መነሣቷን ተናግራለች። በሊንክሌተር አገላለጽ 18 ቁስለኛ የጃኮባውያን መኮንኖች ሊረሸኑ ተወሰዱ፤ ከሎቫት ክፍለ ጦር አንድ ፍሬዘር ብቻ አመለጠ። ስሕተቱ ያለው «አመለጠ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

የሊዝ ቄስ የነበሩት፣ ኋላም ጳጳስ የሆኑት ሮበርት ፎርብስ ከጦርነቱ በኋላ የሰበሰቡት ምስክርነት «ዘ ላየን ኢን ሞርኒንግ» በሚል ርእስ በ1895 እና 1896 በሦስት ቅጽ ታትሟል። በዚህ ምስክርነት መሠረት ፍሬዘር አላመለጠም። ከሌሎቹ ጋር ተተኩሶበታል፤ ሕይወቱ አለመውጣቷ ሲታወቅም አንድ ወታደር ፊቱን በጠመንጃ ሰደፍ መትቶ አፍንጫውንና ጉንጩን ሰባብሯል፣ አንድ ዓይኑንም አጥፍቷል። በዚያ በኩል ያለፈው የመንግሥት ጦር መኮንን ሎርድ ቦይድ መተንፈሱን አይቶ ገንዘብ ሊሰጠው ቢል፣ ፍሬዘር ገንዘቡን ትቶ ወይ እንዲገድለው ወይ ወደ ጎጆ እንዲያደርሰው ለመነው። ቦይድም ወደ ጎጆ አስወሰደው።

እንግዲህ ሞትን የሚለምን ቁስለኛና የሚያተርፈው የጠላት ባላባት የልብ ወለድ ጌጥ ብቻ አይደሉም። ድራማው ሊንክሌተር በአንድ ቃል ያለፈውን መልሶ አምጥቷል። የጎደለው የምሕረቱ ምክንያት ነው። ሜልተን የሚከፍለው የውለታ ዕዳ አለበት፤ ቦይድ ግን ለፍሬዘር ምንም ዕዳ አልነበረበትም። የቦይድ አባት የኪልማርኖክ አርል በዚያው ጦርነት በጃኮባውያን ወገን ተሰልፎ ተማርኳል፤ ኦገስት 18 ቀን 1746ም አንገቱ ተቀልቷል። አንድን ቤተሰብ ለሁለት የከፈለው ጦርነት በድራማው የሁለት ሰዎች የውለታ ጉዳይ ሆኖ ጠቧል።

ፎርብስ ጃኮባዊ ስለነበሩ ምስክርነቱ ያጋደለ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ወገንተኛ ሰው የጠላቱን መኮንን ርኅራኄ ፈጥሮ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። የትዕይንቱና የምስክርነቱ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደሚችልም አይካድም፤ ይህ ግን የምስክርነቱን ክብደት አይቀንስም። ትዕይንቱ ከታሪክ ጋር የሚመዘነው በሊንክሌተር አጭር ዘገባ ሳይሆን በፎርብስ መዝገብ ነው።