ቃል የሌለው ሙሾ፦ «ግሬስፎርድ» እና የብሪታንያ ብራስ ባንድ ድምፅ

ጆሮው ማርሽ ባንድ የለመደ ሰው የብሪታንያን ብራስ ባንድ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያጣው ትራምፔትን ነው። ለውድድር የሚቀርብ ባንድ ከምት መሣሪያዎቹ ሌላ 25 ያህል ነፊዎች አሉት፤ ትራምፔት ግን አንድም የለበትም፤ ቦታው የኮርኔት ነው። ከኮርኔት ሥር ፍሉግልሆርን፣ ቴነር ሆርን፣ ባሪቶን፣ ኢዩፎኒየም፣ ትሮምቦንና ባስ ይደረደራሉ። ከትሮምቦን በቀር የእነዚህ መሣሪያዎች ቱቦ በአመዛኙ ከመንፊያው ጀምሮ እየሰፋ ስለሚሄድ ድምፃቸው አይሰነጥቅም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይሟሟል። «አንድ ወጥ ነው፣ ኅብረ ቀለም ያንሰዋል» ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኔ ግን የባንዱን ጣዕም የማገኘው እዚያው ላይ ነው፤ ምስክሬም «ግሬስፎርድ» የተባለው ዜማ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1934 እ.ኤ.አ. በሰሜን ዌልስ ሬክሳም አጠገብ በሚገኘው የግሬስፎርድ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ 266 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ አልገታ ስላለ ክፍሉ ታሸገ፤ የአብዛኞቹ አስከሬንም እዚያው ቀረ። በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ የሄበርን ሰው የሆነውና ራሱም ከሰል ቆፋሪ የነበረው ሮበርት ሴይንት ይህን ዜማ የደረሰው ለእነሱ ነው። ግጥም የለውም። ከ1871 ጀምሮ በሚታወቀው የደርሃም የማዕድን ሠራተኞች በዓል ባንዶች ከየሰንደቃቸው ኋላ ይሰለፋሉ፤ በዓመቱ ሰው የሞተበት ማኅበር ሰንደቁን ጥቁር ያለብሳል። «ግሬስፎርድ» ሲነፋ ሕዝቡ ቆሞ በዝምታ ያዳምጣል።

ከቅርብ ለቆመ ሰው ከዜማው እኩል የሚሰማው ትንፋሹ ነው። ሐረጉ ሲያልቅ ነፊዎቹ በአንድ ላይ አየር ይስባሉ፤ ከዚያ ባሶቹ ከታች፣ ኮርኔቶቹ ከላይ፣ ማን ቀድሞ እንደገባ ሳይለይ ይገባሉ። ሙሾው የማንም ብቻውን አይደለም። ጎልቶ የሚወጣ ትራምፔት ቢኖር ይህ ይፈርስ ነበር።

ይህ ውሕደት ከሠራተኛው ኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ከባስ ትሮምቦን በቀር የነፊዎቹ ሁሉ ኖታ የሚጻፈው በትሬብል ክሌፍ ሲሆን፣ ቫልቭ ባላቸው መሣሪያዎች ላይ የጣቱ አያያዝ አንድ ነው። ስለዚህ በኮርኔት የጀመረ ሰው፣ ከንፈሩን እስካለማመደ ድረስ፣ ኖታ እንደ አዲስ ሳይማር ወደ ባስ መሻገር ይችላል። በፈረቃ ለሚሠሩና ከሥራ በኋላ ለሚለማመዱ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

በ1917 የተመሠረተው የግራይምቶርፕ ከሰል ማዕድን ባንድ በጥቅምት 1992 ለንደን በሮያል አልበርት ሆል የብሔራዊ ሻምፒዮናውን ዋንጫ ወሰደ። መንግሥት የግራይምቶርፕን ጉድጓድ ጨምሮ 31 የከሰል ጉድጓዶች እንደሚዘጉ ያስታወቀው በዚያው ወር ነበር። ዳኞቹ ግን በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ የሚጫወተው የትኛው ባንድ እንደሆነ ሳያዩ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው ነው ነጥብ የሰጡት።