የተላጠ ጠገራ ብር ዘመኑ በምን ይታወቃል?

ከሟች ሣጥን የወጣ ጠገራ ብር፣ ጽሕፈቱ ስለ ተላጠ ብቻ በሚዛን ሲሸጥ እናያለን፤ ያሳዝናል።

መልኩ የሴት ከሆነ ማርያ ትሬዛ ነው። ዓመቱን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ንግሥቲቱ በፈረንጅ 1780 ከሞቱ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ 1780 ይዟል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ግን ሌላ ነው። የተጻፈበት ዓመት 1887፣ 1889፣ 1892 ወይም 1895 ሲሆን ቁጥሩ የግዕዝ ነው። ስለዚህ ፲፰፻ ቢጠፋም ግድ የለም፣ ለሁሉም አንድ ነው። ፺ ከታየ የሚቀረው ፪ ወይስ ፭ ነው ማለት ነው፤ ፹ ከሆነ ደግሞ ፯ን ከ፱ መለየት። ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ቀዳዳው እዚያው ላይ ካረፈ ግን ምን ይደረግ!

ብሩን ወደ ብርሃን አጋድሞ ማየት ይረዳል። በአመድ መፈተግ ግን የተረፈችውንም ጭረት ይበላል።