ቁራኛና ዋስ

«የአልጋ ቁራኛ» ሲባል የሚታየን በሽተኛ ነው። ቃሉ ግን መጀመሪያ የሙግትና የዕዳ ቃል ነበር። በድሮው ሥርዓት ባለዕዳና አበዳሪ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ሲብስም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተሳስረው ይውሉ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ይከተላል። አገራችንን የጎበኙ ፈረንጆች ተገርመው ጽፈውታል። እኔን የሚገርመኝ ሰንሰለቱ ሁለቱንም ማሰሩ ነው። አበዳሪውም ሥራ ይፈታልና ቶሎ መገላገል ይፈልጋል። ባለዕዳው ዋስ ከጠራ ሁለቱም ይፈታሉ።

ወለድ አግድ ግን አበዳሪውን አያስርም። ፍትሐ ነገሥቱ ወለድን ቢያወግዝም፣ የቸገረው ገበሬ መሬቱን ያስይዝና አበዳሪው ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል። አሥር ዓመት ቢታረስ ከዋናው ዕዳ አንዲት ጠገራ ብር አይቀነስም። ይህ በር የተዘጋው የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ማስያዝን ሲከለክል ነው።

ከተማ ውስጥ አራጣ ቀጠለ። መቼም ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድን ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ አድርጎታል፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣን ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪው «ከመቶ አሥር» ሲል ግን በወር ማለቱ ነው!

እኔም ቀምሼዋለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ መምህር ሳለሁ፣ ቤት ውስጥ ሰው ታሞብኝ ከአንድ ሰውዬ 1,000 ብር ወሰድኩ። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር 100 ብር እወስድለታለሁ። ዓመት ሞላ። 1,200 ብር ከፍያለሁ፤ ያለብኝ ግን ያው 1,000 ነው። ክፍል ገብቼ ስለ ግጥም ቤት መምቻ እያስረዳሁ ልቤ ደመወዝ ቀን ላይ ነበር። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።

አንድ ቀን የቢሯችን ታይፒስት፣ በዕድሜ ታላቄ የሆነች ሴት፣ «መምህር፣ ሰው ደስ በሚለው ቀን ያንተ ፊት ምነው የሚጠቁረው?» አለችኝ። ነገርኳት። እሷ ያለችበት፣ አሥር ሰው በወር 100 ብር የሚጥልበት ዕቁብ ሊጀመር ነበር። አባላቱን ለምና የመጀመሪያውን ዕጣ አስለቀቀችልኝ። ዳኛው «ዋስ አምጣ» ሲለኝም ራሷ ፈረመች። በዚያው ቀን 1,000 ብሩን ለሰውዬው ቆጥሬ ሰጥቼ ወረቀቴን ቀደድኩ።

ከዚያ በኋላም በየወሩ የማወጣው ያችኑ 100 ብር ነበር። ደመወዜ አልጨመረ፣ ኑሮ አልረከሰ። የዕቁቡ መቶ ብር ግን በአሥር ወር አለቀ፤ የአራጣው መቶ ብር ማለቂያ አልነበረውም።

እናማ፣ ከዚያ 1,200 ብር አብዛኛውን ያስከፈለኝ ሐፍረቴ ነው እላለሁ። የድሮው ባለዕዳ ሰንሰለቱን ገበያ ሁሉ ያየዋል፤ ወሬው ከዘመድ ጆሮ ይደርስና ዋስ ይገኛል። የእኛን ሰንሰለት ማን ያየዋል? ሸሚዛችንን ተኩሰን፣ ከረባታችንን አስረን እንወጣለን። ካልተናገርን ዋስ የሚሆነን ሰው በምን ያውቃል?