የድምፅና የአየር ጥራት መነሻ ልኬት

የድምፅና የአየር ጥራት መነሻ ልኬት ማለት አንድ ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት በአካባቢው ያለውን የድምፅ መጠንና የአየር ሁኔታ በመሣሪያ ለክቶ መመዝገብ ነው። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚወሰዱ ልኬቶች ከዚህ መዝገብ ጋር ይነጻጸራሉ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ሊወሰድ የማይችል ልኬት ነው። መዝገቡ ከሌለ ነዋሪዎች ጭሱና ጫጫታው በፋብሪካው ምክንያት እንደ መጣ ለማሳየት ይቸገራሉ፤ ፋብሪካውም ብክለቱ ቀድሞ የነበረ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል።

ሕግ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት ጥናት እንዲቀርብና ኅብረተሰቡ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ለአየርና ለድምፅ የደረጃ ወሰን እንዲወጣ ይደነግጋል።

የድምፅ ልኬት

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የኢትዮጵያ መመሪያ መሠረት የድምፅ ወሰን እንደሚከተለው ነው፦

• ለመኖሪያ ሰፈር፦ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል
• ለንግድ ሰፈር፦ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል
• ለኢንዱስትሪ ሰፈር፦ ቀን 75፣ ሌሊት 70 ዴሲቤል

የዓለም ባንክ ቡድን መመሪያም ለመኖሪያ ሰፈር 55 እና 45ን ያስቀምጣል፤ በአማራጭ ግን ድምፁ ከቀድሞው ከ3 ዴሲቤል በላይ እንዳይጨምር ይላል። ይህን ሁለተኛ መስፈርት ያለ መነሻ ልኬት መጠቀም አይቻልም።

ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይደመርም። መነሻው 50 ዴሲቤል ከነበረና ፋብሪካው ሲሠራ 53 ከተለካ፣ የፋብሪካው ድርሻ 3 ሳይሆን 50 ዴሲቤል ያህል ነው፤ የድምፁ ኃይል በእጥፍ ጨምሯል ማለት ነው።

የአየር ልኬት

በአየር ውስጥ በተለይ የሚለኩት ብናኝ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ናቸው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያልበለጠ ደቃቅ ብናኝ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ስለሚደርስ ለጤና አሳሳቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚህ ብናኝ ያስቀመጠው ወሰን በዓመት አማካይ 5፣ በ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። በብርሃን የሚሠሩ ርካሽ መለኪያዎች በጉምና በእርጥበት ጊዜ ከእውነተኛው በላይ ሊያሳዩ ስለሚችሉ ከታመነ መሣሪያ ጋር ይመሳከራሉ። የነፋስ አቅጣጫና ፍጥነትም አብሮ ይመዘገባል።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች

እንደ ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫና ሺንሺቾ ባሉ ከተሞች አየሩና ድምፁ ፋብሪካ ባይኖርም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በበጋ ከጥርጊያ መንገድ አቧራ ይነሣል፤ በክረምት ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል። ጠዋትና ማታ የማገዶ ጭስ ይጨምራል፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ጭሱ በረባዳ ቦታ ይተኛል። ባጃጅ፣ የእህል ወፍጮ፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤትና የድምፅ ማጉያም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ስለዚህ ለአንድ ቀን ብቻ የተወሰደ ልኬት አሳሳች ነው። በክረምት ብቻ ከተለካ መነሻው ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል፤ በኋላ የበጋ አቧራ ሁሉ የፋብሪካው ይመስላል። በመስከረም በሚከበሩት የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በዓላት ሰሞን ብቻ ከተለካ ደግሞ የችቦና የደመራ ጭስ መነሻውን ከፍ ያደርገዋል፤ የፋብሪካው ጭስ ከዚያ ሥር ይሸፈናል። ጥሩ መነሻ ልኬት በበጋም በክረምትም፣ በቀንም በሌሊትም፣ በገበያ ቀንም በሌላ ቀንም ይወሰዳል። መለኪያው በፋብሪካው ቦታ ብቻ ሳይሆን በቅርብ ባሉ ቤቶች፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይተከላል፤ በኋላም ልኬቱ በእነዚሁ ነጥቦች ይደገማል።

የረጲ ምሳሌ

በአዲስ አበባ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ የተሠራው ቆሼ ከሚባለው የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ከቆሻሻ ክምር የሚነሣ ጭስና ሽታ፣ የመኪናም ጭስ ቀድሞ አለ። የማመንጫውን ድርሻ ከእነዚህ ለመለየት በቅድሚያ የተመዘገበ ልኬት ያስፈልጋል።