የሙታን ቁጥር በማን መዝገብ?

ታሪክ ጸሐፊ ስለ ጦርነት ሲጽፍ የንጉሡንና የመኳንንቱን ስም አይስትም። የተራውን ሰው ሞት ግን በቁጥር ያልፈዋል፤ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ በዜሮ የሚያልቅ ነው። ከሰማይ በወረደ መሣሪያ የሞተውን ሲቪል ማን ይቆጥረዋል? ቆጣሪውንስ ማን ያምነዋል? ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ እንዳይመስላችሁ፤ መነሻው እዚሁ በጥንቱ በጌምድር ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲገጥሙ፣ አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ በመጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። በአገራችን አውሮፕላን ለጦርነት ከዋለባቸው ከመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ይኸው ነው። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት መሞታቸውን የማያውቅ የታሪክ ተማሪ የለም። ተከትሏቸው የዘመተው ገበሬስ? እርሱማ «ሠራዊት» ተብሎ ቀረ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የውጭ አገር ጋዜጠኞችና ሐኪሞች በቦታው ስለነበሩ ወሬው ቶሎ ዓለምን አዳረሰ። ጋዜጠኛ ያልደረሰበት ገጠር ግን ማንም ሳያይለት ተቃጠለ። ጠላት ከወጣ በኋላ መንግሥታችን ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበው ዝርዝር የሞተው ሕዝብ 760,300 ነው፤ ከዚህ ውስጥ በአውሮፕላን ቦምብ ያለቁት ሲቪሎች 17,800 ተብለዋል። ቁጥሩ የአንድን ሕዝብ ሐዘን ተሸክሞ ዓለም ፊት ቆሟል፣ ይኸ አይናቅም። ነገር ግን 17,800 ሰው አንድ በአንድ ሲቆጠር ሁለት ዜሮ ላይ አይቆምም። ግምት ነው ማለት ነው።

ግምት ምን እንደሚያስከትል ሐውዜን ታሳየናለች። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ገበያው በደመቀበት የደርግ አውሮፕላኖች ሕዝቡን ፈጁት። የሟቾቹን ቁጥር አንዱ 1,800 ሲል ሌላው 2,500 ይላል። በሁለቱ መካከል 700 ሰው አለ። እስቲ እናስብ፤ እነዚህ 700 ሰዎች ሞተዋል ወይስ አልሞቱም? እናት አላቸው ወይስ የላቸውም?

እንግዲህ ወደ ዘመናችን እንምጣ። ድሮን የሚባለው ሰው አልባ አውሮፕላን ከቀድሞው የሚለየው ረጅም ሰዓት ማንዣበቡና እያየ መምታቱ ነው፤ ያየውንም ይቀርጻል። ታዲያ ማየት ማወቅ አይደለም። የጋይንት ገበሬ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ይሄዳል። ደቦ የወጣ፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ ቀብር የቆመ ሰው ሁሉ ከሰማይ ሲታይ «የተሰበሰበ ኃይል» ሊመስል ይችላል። ሲቪል ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው ጋይንትን በማያውቅ ዓይን ከሆነ፣ የቆጠራው ስሕተት የሚጀምረው ገና ከመምታቱ በፊት ነው።

ይኸ ችግር የእኛ ብቻም አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ከ2009 እስከ 2015 ከጦር ሜዳ ውጭ 473 ጊዜ መትቼ የገደልኋቸው ሲቪሎች ከ64 እስከ 116 ናቸው አለ። ለንደን ያለ የምርመራ ጋዜጠኞች ቢሮ ለዚያው ጊዜ የቆጠረው ከ380 እስከ 801 ነበር። የመቺው ከፍተኛ ቁጥር ከቆጣሪው ዝቅተኛ ቁጥር እንኳ አልደረሰም።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። በትግራይ ደደቢት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና፣ የተፈናቃዮች መጠለያ ተመትቶ በመጀመሪያ 56 ሰው ሞተ ተባለ፤ ሦስት ቁስለኞች ሐኪም ቤት ሲያርፉ 59 ሆነ። በአማራ ክልል ጥቅምት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በዋደራ ወረዳ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመትቶ 7 ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ መምህራን ናቸው። በሦስተኛው ቀን በዋበር ከተማ መናኸሪያ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች ተገደሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ከሐምሌ 28 ቀን 2015 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በክልሉ በድሮን የሞቱትን ሲቪሎች 248፣ የቆሰሉትን 55 ብሎ መዝግቧል። መንግሥት በበኩሉ የምመታው ታጣቂን እንጂ ሲቪልን አይደለም ሲል ቆይቷል።

የውጭ ቆጣሪ የሚሠራው በስልክ ነው፣ በሳተላይት ፎቶግራፍ ነው፣ በቦምብ ስብርባሪ ነው፣ በሐኪም ቤት መዝገብ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥና መንገድ ሲዘጋ ዓይኑ ይታወራል። 248ም እንግዲህ ወለሉ እንጂ ጣሪያው አይደለም። ከተማችን ስሟ ንፋስ መውጫ ነው፤ ወሬ መውጫ ያጣችበት ጊዜ ግን አለ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች በያዟት ሰሞን የተደፈሩ 16 ሴቶችን ቃል አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሩቅ ሆኖ ተቀብሎ ይፋ ያደረገው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። አሥራ ስድስት ብቻ ቢሆኑም እያንዳንዷ ለብቻዋ ተደምጣለች። «ብዙ ሴቶች» ከሚል ሐረግ ይኸ ይበልጣል።

ወገኖቼ፣ ከጄኔቫ በፊት የሚቆጥር አለ። የእድሩ ጸሐፊ ማን መቼ እንደ ተቀበረ ያውቃል። ቄሱ ፍትሐት ያደረሱለትን፣ ሼኹ የሰገዱበትን ያውቃሉ። አርባው የወጣለት ሁሉ ቀኑ የታወቀ ነው። ችግሩ መዝገቡ የተበታተነ መሆኑ ነው። ቄሱ ሟቹን በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ይሉታል፤ ጎረቤት የሚያውቀው በዓለም ስሙ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ በአባት ስም ይጽፈዋል። ያልተጠነቀቀ ቆጣሪ አንዱን ሰው ሦስት ያደርገዋል፣ ወይም ጭራሹን ይስተዋል። አንድ ሰው ሁለቴ ተቆጥሮ ሲገኝ ደግሞ መቺው እሰይ ብሎ ዝርዝሩን ሁሉ ውሸት ነው ይላል።

የታሪክ ተማሪ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም። ለክረምት አገር ቤት የምንገባ ሁሉ የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውን፣ ሲመታ ምን ያደርግ እንደ ነበር፣ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ እንችላለን። ማንም ይምታ ማን፣ ሟቹ ጠመንጃ ይዞ ከነበረ እሱም ይጻፍ፤ የወደድነውን ብቻ ከጻፍን መዝገብ አይደለም፣ ቅስቀሳ ነው። የነገረንን ሰው ስም ግን ለራሳችን እንያዝ፣ በሕይወት ያለ ሰው ነውና። የአንቺም ገበሬ ስም አምልጦናል፤ የዋበሮቹ አሥራ ሦስት ስም ግን ዛሬም የሚጠራው ሰው በሕይወት አለ።