ፍርሃትና የምግብ ፍላጎት

በድንገተኛ ፍርሃት ጊዜ የምግብ ፍላጎት የሚጠፋው አንጎል የአደጋ ምልክት ሲደርሰው መብላትን ለጊዜው ስለሚገታ ነው። በዚህ ሁኔታ የተራበ ሰው እንኳ ምግብ ቀርቦለት «እህል አልወርድ» ሊለው ይችላል። ይህ ባሕርይ በሰው ብቻ ሳይሆን በሌሎች አጥቢ እንስሳትም ይታያል። የሚበላ እንስሳ አንገቱን ስለሚደፋና ትኩረቱ ስለሚከፈል ለአዳኝ ይጋለጣል። አንድ ጊዜ ሳይበሉ መቅረት ግን አይገድልም። ስለዚህ አደጋ ሲቀርብ መብላትን ማቆም ለሕይወት ይጠቅማል።

በሰውነት ላይ የሚታየው ለውጥ

በፍርሃት ጊዜ ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ሥርዓት ይነቃቃል፤ ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎችም አድሬናሊን ያመነጫሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ወደ ጨጓራና አንጀት ይሄድ የነበረው ደም በከፊል ወደ ጡንቻዎች ይዞራል፤ አፍ ይደርቃል፤ የጨጓራ እንቅስቃሴም ይቀንሳል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የድመቶችን ጨጓራ በኤክስሬይ ሲመለከት፣ ድመቷ ስትረበሽ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ እንደሚቆምና ስትረጋጋ እንደሚመለስ አስተውሏል። እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ሕመም፣ ረሃብ፣ ፍርሃትና ቁጣ በሰውነት ላይ የሚያመጡትን ለውጥ አብራርቷል።

የተማረ ፍርሃት

የምግብ ፍላጎትን ለመግታት አደጋው ራሱ መድረስ አያስፈልገውም፤ መጠበቁ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1941 ዊልያም ኢስተስና ቢ. ኤፍ. ስኪነር ባሳተሙት ጥናት፣ የተራቡ አይጦች ምግብ ለማግኘት ዘንግ ይጫኑ ነበር። አንድ ድምፅ ከተሰማ በኋላ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚከተል ከተማሩ ወዲህ ግን ድምፁ ሲሰማ ዘንጉን መጫን ይቀንሱ ጀመር።

የአሚግዳላ ሚና

አሚግዳላ በአንጎል በሁለቱም ጎን በውስጥ በኩል የሚገኝ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በቅርጹ ምክንያት በለውዝ (አልሞንድ) ፍሬ ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጎሪሳ ፔትሮቪችና ባልደረቦቿ ባቀረቡት ጥናት፣ የአሚግዳላ መካከለኛ ክፍል የተጎዳባቸው አይጦች አስፈሪውን ድምፅ እየሰሙም መብላታቸውን አላቋረጡም። የአሚግዳላው ሌላ ክፍል የተጎዳባቸው ግን እንደ ጤነኞቹ ከምግብ ታቅበዋል።

ወደዚህ መካከለኛ ክፍል መልእክት ከሚልኩት ሴሎች መካከል በአንጎል ግንድ ውስጥ በፓራብራኪያል ኒውክሊየስ የሚገኙት ይጠቀሳሉ። በሪቻርድ ፓልሚተር የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚህን ሴሎች ማነቃቃት በአይጦች ላይ የምግብ ፍላጎትን እንደሚያጠፋ አሳይቷል። ሴሎቹ የሕመምንና የሌላ አደጋን ምልክት ጭምር እንደሚያስተላልፉ በኋላ ታውቋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የዴቪድ አንደርሰን ቡድን በአሚግዳላው መካከለኛ ክፍል ውስጥ ፒኬሲ-ዴልታ የሚባል ፕሮቲን ያላቸውን ሴሎች በብርሃን ሲያነቃቃ አይጦቹ መብላት አቆሙ፤ ሴሎቹን ጸጥ ሲያሰኛቸው ግን የሚበሉት መጠን ጨመረ። እነዚህ ሴሎች በጥጋብ፣ በማቅለሽለሽና በመራራ ጣዕምም ይነቃቃሉ። ሲነቃቁ የአይጦቹ ጭንቀት አልጨመረም። ስለዚህ ምግብን መተውና የጭንቀት ስሜት ሁልጊዜ አንድ ነገር አይደሉም።

ሆርሞኖች

በአደጋ ጊዜ ሃይፖታላመስ ሲአርኤች የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። በዊሊ ቬል የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1981 አወቃቀሩን የገለጸው ይህ ሆርሞን በአንጎል ውስጥ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። በተጨማሪም በፒቱታሪ ዕጢ በኩል አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል እንዲያመነጩ ያደርጋል። ኮርቲሶል ዘግይቶ የሚሠራ ሲሆን የምግብ ፍላጎትን ሊጨምር ይችላል። ድንገተኛ ፍርሃት ምግብ ሲያስተው፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ጭንቀት ግን አንዳንዱን የሚያከሳውና ሌላውን የሚያወፍረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ረሃብ ፍርሃትን ሲያሸንፍ

ግንኙነቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። በሃይፖታላመስ ውስጥ ረሃብን የሚቀሰቅሱ ኤጂአርፒ የተባሉ ሴሎች አሉ። እነዚህ ሲነቃቁ አይጦች በሌላ ጊዜ ወደሚፈሩት ገላጣ ቦታ ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ። አንጎል የመራብንና የመበላትን አደጋ እያመዛዘነ ይወስናል፤ ረሃብ ሲጸና ሚዛኑ ወደ ምግቡ ያደላል።

ከጤና ጋር ያለው ግንኙነት

ለአጭር ጊዜ የሚቆይ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ጤናማ ምላሽ ነው፤ አደጋው ሲያልፍም ይመለሳል። አደጋው ካለፈ በኋላ ፍርሃቱ ከቀጠለ ግን ለሕይወት ይጠቅም የነበረው ምላሽ ሰውነትን መጉዳት ይጀምራል። የጭንቀት ሕመም፣ የመንፈስ ጭንቀት ወይም ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ለሳምንታት በቂ ምግብ ላይበሉ ይችላሉ። ክብደት እየቀነሰ ከሄደ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ስለ ሴሎቹ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከአይጥ ጥናት ነው። የሰው አንጎልም አሚግዳላና ሃይፖታላመስ አለው፤ ሆኖም ለሰው የሚያገለግሉት የአንጎል ምስል መሣሪያዎች እያንዳንዱን የሴል ዓይነት ለይተው ማሳየት አይችሉም።