ስልኩ ሲሞላ የጠፋው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከዱራሜ ደወለልኝ። ሰላምታችን ሳያልቅ «ቲቸር፣ ያ ድሮ እርስዎ ያቆሙት የኢሜይል ሰርቨር አለ እንዴ?» አለኝ። በ2006 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ልምዱን ጽፎ በኢሜይል ወደ ሀዋሳ ልኮለት ነበር። ወረቀቱ ግን ማህደሩ ውስጥ የለም። አሁን አገልግሎቱ ሲቆጠር ሁለት ዓመት ጎድሎበታል።

ደብዳቤው የት እንደገባ አውቃለሁ። ለእሱ ነግሬዋለሁ። ለእናንተም ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በስልካችሁ ትቀበላላችሁ፣ ደብዳቤው የት እንደሚያድር ግን የምትጠይቁ አይመስለኝም።

ኢሜይል አገራችን የገባው ከኢንተርኔት በፊት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል ክፍል ፊዶኔት በተባለ ዘዴ መልእክት ያመላልስ ነበር። ሞደም ያለው ሰው ይደውላል፣ የጻፈውን ይሰጣል፣ የመጣለትን ይወስዳል፣ ስልኩን ይዘጋል። የተጠራቀመው ደግሞ በሌላ ጥሪ ወደ ውጭ ይሄዳል። ይቺን «ደውሎ መጠየቅ» የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ኢንተርኔቱ በጥር 1989፣ ሞባይሉ በ1991 ዓ.ም. መጣ፤ ሁለቱም መጀመሪያ አዲስ አበባ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳኔት በሳተላይት እስከ ወረዳ ወረደ። አጭር የጽሑፍ መልእክት እንኳ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ቆይቷል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሆሳዕና ላይ «ኢሜይል በስልክ» ብትል ማን ይሰማሃል?

ውጭ አገር ግን ብላክቤሪ ነግሦ ነበር። ሪም የሚባለው የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የመሥሪያ ቤትን ኢሜይል ኪስ ውስጥ አስገባ። መሥሪያ ቤቱ የራሱን ሰርቨር ያቆማል፤ ሰርቨሩ ደብዳቤውን ቆልፎ ለኩባንያው ማዕከል ይሰጣል፤ ማዕከሉ በየአገሩ ቴሌ በኩል ለስልኩ ያደርሳል። ችግሩ ሁሉም በአንድ በር ማለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 በሩ ሲበላሽ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ለቀናት ያለ መልእክት ሰነበቱ። እኛ ዘንድ ብላክቤሪን ያወቅነው በቢሮ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱት ልጆቻችን ነው። እዚያ በወር አንዴ ተከፍሎ የፈለጉትን ያህል ስለሚያስጠቅም ልጆቹ ይወዱት ነበር።

ማይክሮሶፍት በሌላ መንገድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ኤክስቼንጅ 2003 ላይ ዳይሬክት ፑሽ የሚባለውን ጨመረ። መሃል ቤት የለም። ስልኩ ራሱ ሰርቨሩን ይጠራና «አዲስ ነገር አለ?» ይላል። ሰርቨሩ ቶሎ አይመልስም፤ ጥያቄውን ይዞ ይቆያል። ደብዳቤ ሲመጣ ያኔውኑ «አዎ» ይላል፤ ካልመጣ ቀጠሮው ሲደርስ «የለም» ይላል፣ ስልኩም እንደገና ይጠይቃል። ተመለከታችሁ? ስሙ «መግፋት» ነው እንጂ የሚደውለው አሁንም ተቀባዩ ነው፣ ልክ እንደ ፓዲስ ዘመን። ልዩነቱ ስልኩን ሳይዘጋ መጠበቁ ነው።

እኔ በ2005 ዓ.ም. ለአንድ መሥሪያ ቤት ይህን ሳቆም መጽሐፉ ላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ አንድ ቀን አለቀ። መጽሐፉ ላይ የሌለው ወራት ፈጀ። ሾኔና ዶዮገና ያሉ ሠራተኞች ስልካቸው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ባትሪ ይጨርስ ጀመር። ለካ የእኛው ፋየርዎል ዝም ያለ መስመር ሲያይ በጥቂት ደቂቃ ይቆርጠዋል፤ ስልኩ ደግሞ ሳይታክት እንደገና ይጠራል። የፋየርዎሉን ትዕግሥት ወደ 30 ደቂቃ ስናሳድገው ባትሪውም ዕድሜ አገኘ።

ሰርተፊኬቱ ደግሞ የባሰ ነበር። የተገዛ ስላልነበረን ራሴ የሠራሁትን በሚሞሪ ካርድ እያዞርኩ በየስልኩ ጫንኩ። ግማሾቹ እምቢ አሉ። ሁለት ሳምንት ተቸገርኩ። አንድ ቀን የአንዲት ሠራተኛ ስልክ ላይ ቀኑን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ዓመቱ 2005 ይላል! ሰዉ ስልኩን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ሰርተፊኬቱ በፈረንጅ 2013 የተሰጠ ስለሆነ ለስልኩ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ይህን የጻፈ የኮምፒውተር መጽሐፍ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤቱ ፖፕ ሦስት ይጠቀም ነበር። ያ ዘዴ እንደነበረበት ከተተወ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ አውጥቶ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፤ ቆጮውን በሙሉ ከጉድጓድ አውጥቶ ቤት እንደ መውሰድ ነው። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ሲመጣ «ከእንግዲህ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ስልካችሁ መስታወት ነው» ብዬ አሠለጠንኩ። እውነት ነው። ያልነገርኳቸው ግን ነበር፤ በዚህ መስታወት ውስጥ ያለውን ስታጠፋ ዋናውም ይጠፋል።

የዚያን ጊዜ ስልኮች ማህደረ ትውስታቸው ጠባብ ነው። ደብዳቤውን የላከው ኃላፊ ስልኩ ሞላና ጠየቀኝ። ስልኩ የአንድ ሳምንቱን ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻል ነበር፣ አንድ ምርጫ መንካት ነው። እኔ ግን መንገድ ላይ ነበርኩ፤ «አሮጌውን አጥፋው፣ የተላከውንም ጨምር» አልኩት። አጠፋ፣ ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አደረገ። ኤክስቼንጅ የተጠረገውን በልማዱ 14 ቀን ደብቆ ያቆያል። ማንም ሳይጠይቅ 14 ቀኑ አለፈ። ባክአፑም ያው በተጠረገው ላይ እየተጻፈ ሄደ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ቲቸር፣ የተቀበለው ጋ አይኖርም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተላከ ደብዳቤ ሁለት ቤት ነው ያለው። ተቀባዩ ሀዋሳ የነበረ ቢሮ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ እኛ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነናል፣ የድሮው ክልል መዝገብም ሲከፋፈል የቱ ወዴት እንደሄደ ማጣራት አለብን። ሰኞ አብረን እንሄዳለን፤ ትራንስፖርቱን እኔ እከፍላለሁ።

በ2006 ዓ.ም. ሀዋሳ መዝገብ ቤት የሠራችሁ፣ በኢሜይል የመጣን ደብዳቤ አትሞ የማስቀመጥ ልማድ የነበራችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።